ሽፋኑና ጉርድ ፎቶው፦ የሻርባት ጉላ ኬዝ

ፔሻዋር፣ ፓኪስታን፣ ኦክቶበር 2016። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) ምሽት ላይ ፖሊሶች አንድ ቤት ገቡ። ቤቱ ቀድሞ ተሽጧል። እመቤቲቱ ልጆቿን ይዛ ወደ አገሯ ወደ አፍጋኒስታን ልትሻገር ሁለት ቀን ነበር የቀራት። ይዘዋት ሄዱ። ክሱ አጭር ነው፦ አፍጋኒስታናዊት ሆና ሳለ የፓኪስታን መታወቂያ አውጥታለች።

ሴትየዋ ሻርባት ጉላ ነች። ስሟን ባታውቁት ፊቷን ታውቁታላችሁ። ቀይ ሻርፕ፣ አረንጓዴ ዳራ፣ አረንጓዴ ዓይን፣ ካሜራው ላይ ያፈጠጠ የልጅ ፊት። ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት በጁን 1985 ሽፋኑ ላይ ያወጣት «የአፍጋኗ ልጅ»።

ስለ ዓይኗ ከበቂ በላይ ተጽፏል። እኔን የያዘኝ ሌላኛው ፎቶዋ ነው፤ መታወቂያው ላይ ያለው ጉርድ ፎቶ። የመጀመሪያው በሚሊዮን ቅጂ ታትሞ ዓለምን ዞሯል። ሁለተኛው የባንክ ካርድ በምታክል ፕላስቲክ ላይ ነው ያለው። ኑሮዋን የወሰነው ግን ይኼ ትንሹ ነው። ጉዳዩን መከታተል ስጀምር ቢያንስ እንደዚያ ነበር የማስበው። መጨረሻው ላይ ትንሽ ሐሳቤን አስቀይሮኛል።

ለሐበሻ አንባቢ የወረቀትን ነገር ማብራራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። «ወረቀት አላት?» ሲባል ምን ወረቀት ብሎ የሚጠይቅ የለም። ባሕረ ሰላጤው አገር ያለ ዘመድ «ኢቃማዬ አለቀ» ሲል ቤተሰብ እንቅልፍ ያጣል። «ኬዟ ተሳካላት»፣ «ኬዙ ወደቀበት» እንላለን። የዚህችን ሴት ታሪክ ኬዝ ያልኩትም ለዚህ ነው።

ድንኳኑ ውስጥ

የሶቪየት ጦር በዲሴምበር 1979 አፍጋኒስታን ሲገባ ሻርባት ስድስት ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ተወልዳ ያደገችው በአገሪቱ ምሥራቅ፣ ናንጋርሃር ክፍለ ሀገር፣ ኮት በሚባል ወረዳ ነው። በብሔሯ ፓሽቱን ነች። የተወለደችበትን ቀን የመዘገበ የለም፤ ዕድሜዋ እስከ ዛሬ የሚነገረው በግምት ነው።

ከመንደር እንዴት እንደወጡ ሁለት ታሪክ አለ። መጽሔቱ በ2002 እንደጻፈው እናትና አባቷ በሶቪየት ቦምብ ተገደሉ። አያትየው ልጆቹን ሰብስባ በበረዶ የተሸፈነውን ተራራ አቋረጡ። መንገድ ላይ ብርድ ልብስ እየለመኑ ፓኪስታን ገቡ። እሷ ራሷ በ2017 ለቢቢሲ የተናገረችው ሌላ ነው። እናቷ የሞተችው መንደር ውስጥ፣ በትርፍ አንጀት ነው። ያኔ ሻርባት ስምንት ዓመቷ ነበር። ድንበሩን የተሻገሩት ከአባቷ፣ ከእህቶቿና ከወንድሟ ጋር ነው።

የትኛው ልክ ነው ብዬ አልፈርድም። ጦርነት ውስጥ ያለፈ የልጅ ትዝታ ይምታታል፤ አስተርጓሚም ይሳሳታል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የመጀመሪያው ታሪክ ለሽፋኑ ልክክ ይላል። ወላጆቿን በቦምብ ያጣች ልጅ፣ የፈራ ዓይን፣ በቃ አለቀ። በትርፍ አንጀት የሞተች እናት ሽፋን ላይ አትወጣም። ሐኪም ቢደርስ ኖሮ ትድን ይሆናል የምትባል የገጠር እናት ነች፤ እንዲህ ያሉ እናቶች እኛም አገር ስንት አሉ።

ፓኪስታን በዚያ ዘመን የአፍጋን ስደተኛ አጥለቅልቋት ነበር። 1980ዎቹ ሲገባደዱ ቁጥሩ ከ3 ሚሊዮን አልፏል። አብዛኛው የሰፈረው ፔሻዋር ባለችበት ክፍለ ሀገር ነው። መጀመሪያ ድንኳን ነበር። ድንኳኑ ሲያረጅ የጭቃ ግድግዳ ተተካ። ቆይቶ ካምፑ ሰፈር መሰለ።

በዲሴምበር 1984 ስቲቭ ማኬሪ የሚባል አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ ፔሻዋር አጠገብ ወዳለው ናስር ባግ ካምፕ ሄደ። አንዱ ድንኳን የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ነበር። አስተማሪዋን አስፈቅዶ ገባ። ልጅቷ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ነች፤ ፎቶ ተነስታ አታውቅም። መጀመሪያ በእጇና በሻርፗ ግማሽ ፊቷን ሸፈነች። ያ ፎቶም አለ። እንደኔ እንደኔ ከሁለቱ ልጅቷን ራሷን የሚያሳየው እሱ ነው። ቀጥሎ እጇን አወረደች፤ ማኬሪም አነሳ። በኮዳክሮም ፊልም ስለሆነ ምን እንደወጣለት ያወቀው አገሩ ተመልሶ ፊልሙ ሲታጠብ ነው።

ዓለም ያንን ዓይን «ፍርሃት» ብሎ ተረጎመው። እሷ ከዓመታት በኋላ ስትጠየቅ ተናድጄ ነበር አለች። የማታውቀው ወንድ መጥቶ ፊቷ ላይ ካሜራ ደቅኗል። በእነሱ ባህል ደግሞ ልጅቷ ልትሸፋፈን የደረሰችበት ዕድሜ ነው። እስቲ ፎቶውን እንደገና እዩትና «ምን ትፈልጋለህ?» የሚል ዓይን አድርጋችሁ አንብቡት። ያስኬዳል።

ሌላም እዩ። ሻርፑን። ነጠላ እንደምንለብሰው ከራስ ወደ ትከሻ የወረደ ነው። ትከሻዋ ላይ ቀዳዳ አለው፤ በቀዳዳው ከሥር የለበሰችው አረንጓዴ ልብስ ይታያል። ብዙ ተመልካች የጦርነት ጠባሳ ይመስለዋል። ከ17 ዓመት በኋላ ፎቶውን ስታየው ያሳፈራት ይኼው ቀዳዳ ነው። የምድጃ እሳት ነው ያቃጠለው። እናት የሌላት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ምድጃ ሥር ቁጭ ብላ ነበር ማለት ነው። የቤት እመቤትነቱ ከሠርጉ በፊት ጀምሯል።

ስሟን ማንም አልጻፈውም። ፎቶው ዓለምን ሲዞር እሷ የሰማችው ነገር የለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣና ልመለስ። ፎቶው በተነሳበት በዚያው 1984፣ መቀሌ ውስጥ የካናዳ ቴሌቪዥን ሠራተኞች በረሃብ ልትሞት ያለች የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ቀርጸዋል። የአፍጋኗ ልጅ ሽፋን ከወጣ በወሩ፣ ጁላይ 13 ቀን 1985፣ የዚያች ሕፃን ምስል ላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ላይ ታየ። ብርሃን ወልዱ ነች። ሳትሞት አደገች፤ በ2005 ለንደን ሃይድ ፓርክ መድረክ ላይ ቆማ ታየች። ሁለት ልጆች፣ አንድ ክረምት፣ ሁለቱም ሳያውቁት የአንድ አገር መከራ ፊት ሆኑ። የብርሃን ታሪክ የራሱ መንገድ አለው፤ ከዚህ ጋር አላምታታውም። ግን የሻርባትን ፎቶ ባየሁ ቁጥር እሷ ትመጣብኛለች።

ሥራ፦ የቤት እመቤት

በአሥራ ሦስት ዓመቷ ተዳረች። ባሏ ፔሻዋር ውስጥ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። የቀን ገቢው አንድ ዶላር ገደማ ነበር። ከጋብቻ ወዲያ ፑርዳ ገባች፤ ማለትም ከባዕድ ወንድ ዓይን ተከልላ መኖር ጀመረች። ከቤት ስትወጣ ቡርቃ ትለብሳለች። ከመጽሔቱ ሽፋን እስከ ቡርቃው ብዙም ጊዜ አልሄደም።

በ1990ዎቹ ውጊያው ጋብ ሲል ወደ አፍጋኒስታን ተመለሱ። ቶራ ቦራ ተራሮች አቅራቢያ ያለ መንደር ነው። ባልየው ግን እንጀራው ፔሻዋር ነው። እሷ አስም አለባት። የፔሻዋር በጋ ሙቀትና ጭስ ስለሚያፍናት ከባሏ ጋር የምትሆነው ብዙም ሙቀት በሌለበት ወቅት ብቻ ነበር። ቀሪውን ጊዜ ተራራው ላይ። እንዲህ ዓይነት ትዳር ለኛም አዲስ አይደለም። አንዱ ጅዳ ሌላዋ ደሴ ሆነው ልጅ የሚያሳድጉ ስንት ናቸው።

በ2002 ውሎዋ ተጽፎላታል። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ትሰግዳለች። ከወንዝ ውኃ ትቀዳለች። ታበስላለች፤ ታጸዳለች፤ ልብስ ታጥባለች። ሴት ልጆቿን ታሳድጋለች። አንዷ ሕፃን ሳለች ሞታባታለች። ስሟን መጻፍ ትችላለች፤ ማንበብ ግን አትችልም። ልጆቿ እንዲማሩ አጥብቃ ትፈልጋለች።

አማርኛችን ለዚህ ሥራ የሰጠው ስም ትልቅ ነው፤ የቤት እመቤት። የቀበሌ ፎርም ላይ «ሥራ» በሚለው መስመር ስንት እናት ይህንን አስሞልታለች። እመቤት ማለት የበላይ፣ አዛዥ ማለት ነው። ቤቱ ግን በማን ስም ነው? ጥያቄው ስደተኛ እመቤት ላይ ሲሆን ይከብዳል። የሻርባትም ጉዳይ በኋላ የሚቋጠረው እዚሁ ላይ ነው።

ዓይኗ ሲመረመር

በጃንዋሪ 2002፣ ታሊባን ከሥልጣን በወረደ ማግሥት፣ ማኬሪ ከመጽሔቱ ቡድን ጋር ልጅቷን ሊፈልግ ተመለሰ። ናስር ባግ ካምፕ ሊፈርስ ነበር። ፎቶውን እየያዙ ሰው መጠየቅ ጀመሩ። መጀመሪያ አንዲት ሴት እሷ ናት ተባለ፤ ሳትሆን ቀረች። በኋላ በልጅነቱ ካምፑ ውስጥ አብሯት ያደገ ሰው ወንድሟን አውቀዋለሁ አለ። ከተራራው ለማምጣት ሦስት ቀን ፈጀ።

ማኬሪ ባያት ጊዜ አልተጠራጠረም ይባላል። መጽሔቱ ግን በዚህ ብቻ አልረካም። የሁለቱ ዘመን ፎቶዎች ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ለነበሩት ለፕሮፌሰር ጆን ዶግማን ተላኩ። የዓይን ብሌን ዙሪያ ያለው ባለ ቀለሙ ክፍል የሰው ሁሉ የተለያየ ነው፤ እንደ ጣት አሻራ። ዶግማን ያንን የሚያነብ የኮምፒውተር ስልት የፈጠሩ ሰው ናቸው። መልሱ መጣ፦ እሷው ናት።

ጊዜውን አስቡት። አንዲት ሴት መታወቂያ የላትም፤ የልደት ቀኗ አይታወቅም። ማንነቷን ግን በዓለም ላይ ካሉ ሊቃውንት አንዱ በሳይንስ አረጋግጠውላታል። ከዚህ የበለጠ የተጣራ ማንነት ያለው ሰው በፔሻዋር አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አንድም ቢሮ ግን ያንን ማረጋገጫ አይቶ ካርድ አይሰጣትም።

በዚያው ዓመት፣ በዚያችው ፔሻዋር፣ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ወደ አፍጋኒስታን የሚመለሱ ስደተኞችን ዓይን በማሽን ማንበብ ጀመረ። ምክንያቱ፣ የመመለሻ ድጎማውን አንዴ ወስዶ ደግሞ የሚመጣ ሰው እንዳይኖር ነው። ያው የዓይን ንባብ ለእሷ የዝና ማረጋገጫ ሲሆን፣ ለጎረቤቶቿ «ሁለቴ እንዳትበሉ» የሚል ቁጥጥር ሆነ። ይህን ስገጣጥም ትንሽ ደነገጥኩ።

በ2002 ያየችው ፎቶ ለምን ይህን ያህል ሰው እንደነካ ሊገባት አልቻለም። መቼም ከስጋት ነፃ ሆና ታውቅ እንደሆነ ተጠየቀች። አያውቅም አለች፤ በታሊባን ጊዜ ግን ቢያንስ ሰላምና ሥርዓት ነበር ብላ ጨመረች። ይህ መልስ ብዙ ምዕራባዊ አንባቢ አልተመቸውም። እኔ ግን ለታሪኩ ተብላ ያልተቃናች ሴት መሆኗን ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

መጽሔቱ ለቤተሰቡ ሕክምናና ለመካ ጉዞ ከፈለ። በእሷ ሰበብ ለአፍጋን ሴት ልጆች ትምህርት ፈንድ ተቋቋመ። ጥሩ ነገር ነው፤ አላናንቀውም።

ካርዱ

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

ፓኪስታን የ1951ዱን የስደተኞች ስምምነት አልፈረመችም። አፍጋኖችን አስጠልላለች፤ ያውም በብዛትና ለረጅም ዘመን። የሰጠቻቸው ግን እንግድነት ነው። ከ2006 መጨረሻ ጀምሮ የተመዘገቡ ስደተኞች የምዝገባ ካርድ አግኝተዋል። ካርዱ ያኔ ከመባረር ይከላከል ነበር እንጂ ንብረት አያስይዝም ነበር። የባንክ ሂሳብ እንኳ እንዲከፍቱ የተፈቀደላቸው በ2019 ነው። ቤት በስምህ ለማዞር የዜጋ መታወቂያ ያስፈልጋል። እሱን የሚሰጠው ናድራ የሚባለው የአገሪቱ የመረጃና የምዝገባ ባለሥልጣን ነው።

በኤፕሪል 2014 ናድራ «ሻርባት ቢቢ» ለምትባል ሴት የዜጋ መታወቂያ ሰጠ። ልጆቿ ናቸው ለተባሉ ሁለት ወንዶችም እንዲሁ። ዘመዶቿ በኋላ ሁለቱ ልጆቿ አይደሉም ብለዋል። ካርዱ እኛ ሰፈር «ፎርጅድ» የምንለው ዓይነት አልነበረም። ከናድራ ማሽን የወጣ ትክክለኛ ካርድ ነው። ሐሰት የተባለው ከካርዱ በስተጀርባ ያለው ቃል ነው፤ «ፓኪስታናዊት ነኝ» የሚለው።

እንዲህ ያለ ካርድ የያዘች እሷ ብቻ አልነበረችም። በሺዎች የሚቆጠሩ አፍጋኖች በተመሳሳይ መንገድ አውጥተዋል። ብዙዎቹ እዚያው ተወልደው ያደጉ፣ ሌላ አገር የማያውቁ ናቸው። ለዓመታት ነገሩ ታውቆ የታለፈ ነበር። በዲሴምበር 2014 ፔሻዋር ውስጥ የጦር ሠራዊቱ ትምህርት ቤት ላይ በደረሰ ጥቃት ከ140 በላይ ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ናቸው። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ፊቱን አፍጋኖቹ ላይ አዞረ። የመታወቂያ ማጣራት ተጀመረ። በፌብሩዋሪ 2015 የሻርባት ካርድ ነገር ጋዜጣ ላይ ወጣ። ፊቷን የማያውቅ የለማ! ሌላዋ ሴት ብትሆን ያ ጉርድ ፎቶ ከሚሊዮኖች መሐል ተደብቆ ይቀር ነበር።

እዚህ ላይ ሽፋኑ የጎዳት ይመስለኛል። ብዙ ሰው ይህን ሲያነብ ናሽናል ጂኦግራፊክን ይወቅሳል። እኔ እስከዚያ አልሄድም። ፎቶ አንሺው በ1984 የ2014ን ካርድ ሊያውቅ አይችልም።

እስከዚያ ኑሮዋ ተለውጧል። በ2012 አካባቢ ባሏ በሄፓታይተስ ሲ ሞተ። ከሁለት ዓመት በኋላ ትልቋ ልጇ በዚያው የጉበት በሽታ አረፈች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ የሁለት ወር ጨቅላ ጥላ ሄደች። ሻርባት ራሷም በሽታው አለባት። እንግዲህ ባሏን የቀበረች፣ ልጇን የቀበረች፣ የልጅ ልጅ የምታሳድግ፣ የታመመች ሴት ነች። ያላት ትልቅ ሀብት አንድ ቤት ነው።

ለፖሊስ የሰጠችው መልስ የጉዳዩ ሁሉ እምብርት ነው። መታወቂያውን ያወጣሁት ለሁለት ነገር ብቻ ነው አለች፤ ልጆቼን ለማስተማርና ቤቴን ለመሸጥ። ያለ ካርዱ ሁለቱም አይሆኑም።

ይህን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አየሁት። ልጅ ማስተማርና ቤት ማስተዳደር የአንዲት የቤት እመቤት ተራ ሥራዋ ነው። ማንም አገር ላይ ያለች እናት ሰኞ ጠዋት የምትሠራው ሥራ ነው። ይህችኛዋ ያንን ለመሥራት ሌላ ሰው መሆን ነበረባት፤ ሻርባት ቢቢ። ሕግ ጥሳለች? አዎ፣ ጥሳለች፤ ካርዱን አላወጣሁም አላለችም። የሁለቱ ወጣቶች ነገር ደግሞ አሁንም አይገባኝም። ቅድስት አድርጌ ላቀርባት አልፈልግም። ሌላ ምን በር ነበራት ብዬ ስፈልግ ግን አጣሁ።

ቤቱን የሸጠችው ወረቀት የለሽም ተብላ እንዳትያዝ ፈርታ ነው። አገሯ ልትገባ ነው። 2016 እንደዚያ ዓይነት ዓመት ነበር። በዚያ ዓመት ብቻ ከ370,000 በላይ የተመዘገቡ አፍጋኖች ከፓኪስታን ወጥተዋል። ኮሚሽኑ ያኔ ለአንድ ሰው 400 ዶላር ይሰጥ ነበር፤ ቤተሰብ የጭነት መኪና ተከራይቶ የበሩን ሳንቃ ሳይቀር ጭኖ በቶርካም ድንበር ይሻገር ነበር። እሷም ከእነሱ አንዷ ልትሆን ነበር። ሁለት ቀን ቀደሟት።

የያዛት የፓኪስታን የፌዴራል ምርመራ ኤጀንሲ ፎቶዋን አሰራጨ። ሻሽ ያሰረች፣ የደከመች፣ አርባ ዓመት ያለፋት ሴት። ሚዲያዎች ወዲያው ከ1984ቱ ፎቶ ጎን አደረጉት። «ያ ዓይን የት ሄደ?» የሚል አስተያየት የትም ነበር። የጉበት ሕመምተኛ ሴት ከእስር ቤት በተነሳ ፎቶ ላይ ምን እንድትመስል እንደተጠበቀ አላውቅም።

ሕጉ እስከ 14 ዓመት ያስቀጣል። ዓለም ጮኸ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳይቀሩ ጉዳዩን በሰብዓዊነት እናያለን አሉ። በኖቬምበር 4 ፍርድ ቤቱ 15 ቀን እስራትና 110,000 የፓኪስታን ሩፒ ቅጣት ወሰነ። አብዛኛውን ቀን ጨርሳዋለች። የመጀመሪያውን ሳምንት እስር ቤት፣ ሁለተኛውን ሆስፒታል ነው ያሳለፈችው።

ፓኪስታን ስሟ እንደጠፋ ሲገባት መቆየት ትችያለሽ አለቻት። እምቢ አለች። በኋላ ስትናገረው ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ 35 ዓመት አኖራችሁኝ፤ መጨረሻ ላይ ግን እንዲህ አደረጋችሁኝ፤ ይበቃኛል። ምሬቱ መንግሥት ላይ እንጂ ሰፈሩ ላይ አይደለም። ጎረቤቶቿ ጥሩ ሰዎች ነበሩ፤ ከገዛ ፓሽቱን ወንድሞቿ መሐል ነው የኖረችው። ስደት ላይ የቆየ ሰው ይህን ልዩነት ያውቀዋል። ኢሚግሬሽኑ ያስለቅስሃል፤ ጎረቤትህ ሾርባ ያመጣልሃል።

ሌላ ቤት፣ ሌላ አገር

በኖቬምበር 9 ቀን 2016 በቶርካም አስረከቧት። ካቡል ውስጥ ፕሬዝዳንት አሽራፍ ጋኒ ተቀበሏት፤ ካሜራ ነበር። በዲሴምበር 2017 መንግሥት 280 ካሬ ሜትር ገደማ ቤት ሰጣት፤ ለኑሮና ለሕክምና በወር 700 ዶላር አካባቢ ተቆረጠላት። መንደሯ ኮት ግን ልትገባ አልቻለችም፤ ራሱን እስላማዊ መንግሥት ከሚለው ቡድን ጋር የተያያዙ ታጣቂዎች ነበሩበት። አገሯ ገብታም ተፈናቃይ ነች ማለት ነው።

ቤቱ አራት ዓመት አልሞላም። በኦገስት 15 ቀን 2021 ታሊባን ካቡልን ያዘ። በኖቬምበር 25 የጣሊያን ጠቅላይ ሚኒስትር ማሪዮ ድራጊ ጽሕፈት ቤት ሻርባት ጉላ ሮም መግባቷን አስታወቀ። አገሯን ለቃ እንድትወጣ እርዱኝ ብላ ነበር። ያኔ አርባ ዘጠኝ ዓመት ገደማዋ ነው። በልጅነቷ በእግር የጀመረችው ስደት በአውሮፕላን ቀጠለ።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ ይህ ነው። ጉርድ ፎቶው አሳሰራት፤ ልክ ነው። ሮም ያደረሳት ግን ሽፋኑ ነው። የጣሊያን መግለጫ ራሱ የ1985ቱን ሽፋን ጠቅሷል። ፎቶው ሳትጠየቅ የተወሰደባት ነገር ነበር፤ በመጨረሻ የምታሳየው ወረቀት ሆነ። በዚያው ዓመት ኦገስት ካቡል አውሮፕላን ማረፊያ ደጅ ላይ ወረቀታቸውን ከጭንቅላታቸው በላይ ከፍ አድርገው የቆሙ ሴቶች ነበሩ። ባል የሞተባቸው፣ የታመሙ፣ ልጅ ያዘሉ። ሽፋን ላይ የወጡ አልነበሩም። በ2016 ከእሷ ጋር በዚያው ክስ ለተያዙት ሌሎች አፍጋኖችም ሚኒስትር አልተናገረላቸውም። እነሱ ስንት ቀን እንደታሰሩ የጻፈ ጋዜጣ አላየሁም።

እሷ ራሷ በ2017 ስለ ፎቶው ስትጠየቅ መልሷ ሁለት ወገን ነበር። ከጥቅሙ ይልቅ ችግሩ በዝቶብኝ ነበር ትላለች። በሱ ሰበብ ሴቶችና ልጆች መረዳታቸው ግን ያስደስታታል። ልጆቿ እንዲማሩ ያኔም ትፈልግ ነበር። ለድሆች በነፃ የሚያክም ሆስፒታል የመክፈት ምኞትም ነበራት። ትርፍ አንጀት ከገደላት እናት እስከ ጉበት በሽታ ከወሰዳት ልጅ ያለውን ለሚያስብ፣ ምኞቱ ከየት እንደመጣ አይጠፋውም።

ፔሻዋር ብመለስ ለአንድ ነገር ብቻ ነው ብላ ነበር። የባሏና የልጇ መቃብር ላይ ዱዓ ለማድረግ። መቃብሮቹ ያሉት ይኖሩበት ከነበረው ቤት ፊት ለፊት ነው፤ በሻርባት ቢቢ ካርድ ከሸጠችው ቤት። አሁን ከሮም ተነስታ እዚያ ለመድረስ የፓኪስታን ቪዛ ያስፈልጋታል። ማመልከቻው ላይ ጉርድ ፎቶ ይጠየቃል።